ጠጠር ነው ተባለ

ሐምሌ 5

ደብተሩን የሰጠችኝ ሰብሌ ናት። ሰብሌ የልጄ የሸጋው ሚስት ናት፤ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ተማሪ ጀምሮ የተወው ደብተር ነው። የፊቱን አራት ገጽ ቀደደችና «አባባ፣ ቀኑን ሙሉ ጣራ ከሚቆጥሩ ይጻፉበት» አለችኝ። ጣራ አልቆጥርም። ማገሩ አሥራ አንድ ነው፤ አንዴ ቆጥሬ ጨርሻለሁ።

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ በሠላሳ ዓመቴ። ወረቀቱም አለኝ። ክንዴ፣ ስሜ ነው፣ መጻፍ አይችልም የሚል ካለ መጥቶ ይየው። እጄ ብቻ ይዘገያል። በቅሎ ሲስብ የኖረ እጅ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልጻፈው። ሰኔ 21 ቀን፣ በማርያም ዕለት፣ ከሸጋው ጋር በሞተር ሳይክል ሊማሊሞን እየወረድን ነበር። ባለቤቴ አምሳል ያረፈችው ከሊማሊሞ ሥር፣ በእናቷ አገር ነው። የፊታችን መስከረም 21 ሰባት ዓመት ይሞላታል። ለተዝካሯ ከቄሱ ጋር ልመካከር ነበር መሄዴ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ወደቅን። የኔ ግራ ቅልጥም ተሰበረ። የሸጋው ትከሻ ወለቀ። የሞተሩ ፊት ረገፈ።

ተመስገን፣ የወደቅነው በተራራው በኩል ካለው ቦይ ነው። በገደሉ በኩል ቢሆን ይኸ ደብተርም ባላስፈለገ።

ሸጋው ለጠየቀው ሁሉ «ጠጠር ነው ያንሸራተተን» ይላል። ጠጠር ነው።

ሐምሌ 8

ዝናብ። እግሬ ያሳክከኛል፤ እጄን የማስገባበት የለም። ወጌሻው አያ ልደቱ በቀርከሃ ጠፍሮ አስሮኛል። «እስከ መስቀል መሬት እንዳትረግጥ።» እስከ መስቀል!

መደቡን ከመስኮቱ ሥር አድርገውልኛል። በመስኮቱ የሚታየው ግቢው ነው፣ አጥሩ ነው፣ ሸራ የለበሰው ሞተር ነው። ሌላ የለም። አርባ ዓመት በቅሎ ጭኜ ወደ አምቢኮ፣ ከአምቢኮም ወደ ራስ ዳሸን እንግዳ ያደረስሁ ሰው ነኝ። አሁን አገሬ አንድ መስኮት ሆነች። እሷም ሲዘንብ ትዘጋለች።

ሐምሌ 12

ሚካኤል። ሸጋው በአንድ እጁ ሸራውን ገፈፈው። ሌላው እጁ ገና ከአንገቱ ታስሯል። ሞተሩ ሲገዛ ቀይ ልብስ ነበረው፤ ከፊቱ እስከ ሆዱ የሚሸፍነው፣ እንደ ጭልፊት አፍ የሾለ ፕላስቲክ። ግማሹ እዚያው ቦይ ውስጥ ቀርቷል። የቀረው ተሰነጣጥቆ ተንጠልጥሎ ነበር። ሸጋው ብሎኑን አንድ በአንድ እየፈታ ጣለው። በቀኝ በኩል ጭረት ያልነካው ደህና ነበር፤ እሱንም ፈታው።

በመስኮቱ ጮህሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያቀለልሁት ነው፣ አባዬ።»

«ደህናውን ለምን ትጥለዋለህ?»

«ግማሽ ልብስ ከመልበስ ራቁት ይሻላል ብዬ ነዋ።»

ሸጋው የብየዳ ቤት አለው፤ የሰው በርና መስኮት ይሠራል። ትከሻው እስኪድን ግን ዘግቶታል። ሥራ ያጣ እጅ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ሰው ንብረቱ ሲጎዳ ይጠግናል። ይኸ ይገፍፋል።

አንድ ነገር ልጻፍ፤ ለራሴ ነው። በቅሎ ወደ ገደል ካዘነበለች አንተ ወደ ተራራው ትላለህ። ይኸን የማያውቅ በስሜን አልተወለደም። አባቴ ነው ያስተማረኝ። በዚያ መታጠፊያ ሞተሩ ወደ ገደሉ ተጋደመ። እኔ የሚገባውን አደረግሁ። በተራራው በኩል የወደቅነው በማን ሆነና።

ሐምሌ 19

ገብርኤል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መሳም እንኳ አልቻልሁም። ባለ ባጃጁ ቻላቸው መጣ። የሸጋው ጓደኛ ነው፤ ከበር ሳይደርስ ድምፁ ይደርሳል።

«ጋሽ ክንዴ! ልጅዎ ስትሪት ፋይተር እየሠራ ነው አሉ፤ ላየው መጣሁ!»

«ምን ማለት ነው?»

«የመንገድ ተዋጊ ማለት ነው።»

«ከማን ጋር ነው የሚዋጋው?»

«ከመንገዱ ጋር ነዋ።»

«መንገድ ተሸንፎ አያውቅም» አልሁት።

ሳቀ። ሁለቱ ዙሪያውን እየተሽከረከሩ ሲያዩት ዋሉ። ሞተር የማይነዳ ሰው ይኸን አይረዳም። እኔም አልረዳውም። ብረቱ ሁሉ ወጥቷል፤ የሞተሩ ሆድ ዕቃ፣ ቱቦው፣ ሽቦው። የተገፈፈ በግ ይመስላል። ቻላቸው ግን እጁን እያሻሸ «አቤት! እዩት እስቲ፣ ግንባሩን ቋጥሮ!» ይላል። ፊቱ ላይ የቀረው አንዲት መብራት ነው፤ ዝቅ አድርጎ አስሯታል። እውነትም የተቆጣ ሰው ይመስላል።

«ልብሱን ከጎንደር አስመጥቼ ላልብሰው?» አለ ሸጋው ለቀልድ።

«ወግድ! ያ ቀዩማ የሙሽራ መኪና ነበር። አሁን ወንድ ሆነ።»

መሪውንም ቀየረው። የድሮው አጭርና ዝቅ ያለ ነበር፤ ነጂው ዶሮ እንደሚሰርቅ ሰው ያጎነብስበታል። የአሁኑ ሰፊና ከፍ ያለ ነው። ሸጋው በደህናው እጁ ይዞ ተቀመጠበት። ጀርባው ቀጥ አለ። ከወደቅን ወዲህ ቀጥ ሲል ያየሁት ዛሬ ነው።

ሐምሌ 24

ሊማሊሞ ተናደ። መኪና አያልፍም። ከሞተርና ከእግረኛ በቀር የሚያልፍ የለም። መንገደኛው ሁሉ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ቆሟል አሉ። ጥቅምት ሳይደርስ አይጠገንም ይላሉ።

መስከረም 21 ከጥቅምት በፊት ነው።

ነሐሴ 2

የሸጋው ትከሻ ዳነለት። ብየዳውን ወደ ግቢ አወጣው። ጧት ሲጀምር መሪውን ሊያጠነክር መስሎኝ ነበር። መቁረጫውን አነሳና ከኋላ ጀመረ። እሳቱ እስከ መስኮቴ ተረጨ። ጭራውን ከነመቀመጫው ቆረጠው። የኋላ መቀመጫ፣ እኔ የተቀመጥሁበት፣ ጭቃ ላይ ወደቀ። አሁን የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው።

የኋላ እግር ማሳረፊያዎቹንም ፈታቸው። ሁለቱን በሽቦ አስሮ ከአጥሩ ምስማር ላይ ሰቀላቸው።

ቻላቸው «አሁን አለቀለት!» ብሎ አጨበጨበ። «ኋላው አጭር ሲሆን ነው የሚያምረው። የዳክዬ ጭራ ነበር የሚመስለው።»

እኔ ምን ቸገረኝ። ንብረቱ ነው። ከእንግዲህ ወዲያ በዚያ ብረት የምቀመጥ ይመስል።

ምሳ አልበላሁም። ጾም ነው።

ነሐሴ 3

ጾም ቢሆንም ምሳ ይበላል፤ ሰብሌ ተቆጣችኝ። «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይብሉ እንጂ መች ይተዉ አልሁ።»

ነሐሴ 9

ኮከብ ደወለች። ኮከብ የአምሳል ታናሽ እህት ናት፤ እዚያው ከሊማሊሞ ሥር ትኖራለች። ጌሾው ተወቅጧል፣ ካህናቱ ተነግሯቸዋል። «አያ ክንዴ፣ ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ። እመጣለሁ አልሁ።

«በምን?»

«በእግሬ።»

«እግርህማ በቀርከሃ ነው አሉ።»

ስልኩን ለሰብሌ ሰጠሁ። ለአምሳል አልጋዋ ላይ እንዳለች ምዬላት ነበር፤ «የሰባት ዓመት ተዝካርሽን እኔው ራሴ አወጣለሁ» ብዬ። እሷ ሳቀችብኝ። «አንተ መቼ ነው ድግስ የምታውቀው» አለች። በማግሥቱ አረፈች።

ሰብሌ በቃሬዛ ይወሰዱ አለች። አራት ሰው ይሸከምዎት፣ አንድ ቀን ነው። በቃሬዛ ሊማሊሞን የሚወርድ ሬሳ ነው አልኋት።

ነሐሴ 15

የሰው መምጣት በዛ። ዛሬ ከዳባት ሁለት ሞተረኞች መጡ። ሞተሩን ሊያዩ ብቻ! አስነሳላቸው። ማርሚታውን፣ የጢሱን ቱቦ ማለቴ ነው፣ አሳጥሮታል፤ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። የጎረቤት ውሻ ከአጥር ሥር ገባ።

አንዱ «ከወደቀም ምንም የሚሰበር የለው» አለ። ሌላው «እሱ አይደለም። የራስህ እጅ አለበት። ሌላ ቦታ አንድም እንደሱ የለ» አለ። እውነት ነው። እኔም የበቅሎዬን ኮርቻ በሰው አሠርቼ አላውቅም ነበር።

ይኸን መጻፍ አልነበረብኝም። ሞተሩ አሁንም ጠላቴ ነው።

ነሐሴ 18

ዝናቡ አቆመ። የእርጥብ ሣር ሽታ ገባ። የተኛሁ መስሏቸው ከመስኮቱ ሥር ቆመው አወሩ፣ ሰብሌና ሸጋው።

«ለምን አትነግራቸውም?»

«ምን ብዬ? ‘አባዬ፣ አንቱ ነዎት የጣሉን’ ልበል?»

«ጠጠር ነው ስትል ደግሞ ሰው አንተን መንዳት አይችልም ይላል። ቻላቸው እንኳ ሲያሾፍብህ ሰምቻለሁ።»

«ይበል።»

«መቀመጫውን የቆረጥኸው ለዚያ ነው? ተቀይመህ?»

ሸጋው የብሎን መፍቻውን ሲጥል ሰማሁ።

«ያን ዕለት ከቦይ ሳወጣቸው እግራቸው ወዲያ ዞሮ ነበር፣ ሰብሌ። እሳቸው ‘ሞተሩ ደህና ነው?’ ይሉኛል። ከእንግዲህ ከኋላዬ ሰው አላስቀምጥም። ብወድቅ ብቻዬን ልውደቅ።»

ነሐሴ 19

ትናንት የጻፍሁትን ልቀድደው ነበር። መቀደዱ ይታወቃል ብዬ ተውሁት።

ተኝቼ ነበር። አልሰማሁም።

ነሐሴ 26

አያ ልደቱ እግሬን ፈትቶ አየ፤ እንደገና አሰረ። ሞተር ላይ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ምን ማድረግ አለበት ብዬ ጠየቅሁት፤ እንዲያው ለወሬ። እሱን ልጆቹ በሞተር ያመላልሱታል።

«ከነጂው ጋር መሄድ ነው» አለ።

«መሄድማ እሄዳለሁ። ሲጋደምስ?»

«ሲጋደም ተጋደም ይላሉ። ሲጋደም ቀጥ ያልህ እንደሆነ ጎማው አቅጣጫ ይስታል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጀርባው ላይ እለጠፋለሁ። አንተን ምን አስጠየቀህ፣ ክንዴ?»

«እንዲያው ነው።»

አየኝ። አያ ልደቱ አጥንት በእጁ የሚያይ ሰው ነው። ሌላም ያይ ይሆናል።

ጳጉሜ 2

ዛሬ ሸጋው ወጥቶ ሳለ ሰብሌን ለመንኋትና የጎረቤት በቅሎ አስመጣሁ። በሞተር ካልሆነ በበቅሎ። በአሮጌው የእግር መንገድ በሊማሊሞ አንድ ቀን ነው። ሺህ ጊዜ ሄጄበታለሁ።

ሰብሌ በአንድ በኩል፣ ባለ በቅሎው በሌላ በኩል ደገፉኝ። ደህናውን እግር ከርካቡ አስገባሁ። ያኛውን ማንሳት ነበር የቀረ። አንድ ጊዜ ሞከርሁ። ሁለተኛ ሞከርሁ። በቅሎዋ ዞራ አየችኝ።

ሦስተኛ አልሞከርሁም።

በቅሎዋ ክፉ ናት። ባለቤቱም አያያዝ አያውቅም።

ሰብሌ መሬት ላይ አስቀመጠችኝና የጋቢዬን ጭቃ አራገፈች።

መስከረም 1

እንቁጣጣሽ። ልጃገረዶች አበባ ይዘው መጡ፤ በመስኮቱ ሰጡኝ። እንደ ታሰረ ሰው። ሃያ ቀን ቀረ።

መስከረም 6

ዛሬ ብዙ እጽፋለሁ። እጄ ይችል እንደሆነ።

ፀሐይ ወጣ። አያ ልደቱ መጥቶ ቀርከሃውን ፈታው። «ከመስቀል በፊት የፈታሁህ አጥንትህ ስለ ደረሰ አይደለም» አለኝ፤ «ምላስህ ስለ ሰለቸኝ ነው።» ምርኩዝ ይዤ ወጣሁ። ከበሩ እስከ ሞተሩ አሥራ ስድስት እርምጃ ነው። ሁለት ጊዜ አረፍሁ።

ሸጋው በጨርቅ ያጸዳ ነበር። እስከ ዛሬ ሞተሯን ከሩቅ ነበር የማያት። ከቅርብ ስትታይ ሌላ ናት። ጥቁር ቀብቷታል፣ እያንዳንዷ ብሎን ታበራለች። በግራ በኩል፣ በሞተሩ ክዳን ላይ ብቻ ትልቅ ፍቀት አለ። የቦዩ ድንጋይ የበላው ነው። ጣቴ ገባበት።

«ይኸን ለምን አልሞላኸውም? በያጅ አይደለህ?»

«ይታይ ብዬ።»

«ምኑ?»

«መውደቁ።» ጨርቁን አጠፈ። «አባዬ፣ ይኸን ነገር የጀመሩት የባዕድ አገር ሞተረኞች ወድቀው ነው አሉ። እየወደቁ ልብሱን ሲገዙ፣ እየወደቁ ሲገዙ ሰለቻቸው። ኋላ ይቅር አሉ። መሪውን ከፍ አደረጉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ሌላው አየና ወደደው። አሁን ያልወደቀውም ሰው ደህና ልብሱን ያወልቃል።»

«ያልወደቀው ለምን ያወልቃል?»

«እንጃ። የምደብቀው የለኝም ለማለት ይሆናል። እኔ ግን ያኔ አጎንብሼ ስነዳ ፕላስቲኩን ነበር የማየው። አሁን ጎማውን አየዋለሁ፣ መንገዱን አየዋለሁ። ምን እንደ ያዝሁ አውቃለሁ።»

ዳባት ገበያ በቅሎ ስገዛ የማደርገው ትዝ አለኝ። ሻጩ በቅሎዋን በግላስ በመርገፍ፣ በጌጥ ልብስ አልብሶ ያመጣል። ሰው ሁሉ ያደንቃል። እኔ «ግላሱን አንሳው» እላለሁ። ጌጥ ከበዛ ከሥሩ የጀርባ ቁስል አለ ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንድ የአምቢኮ ሰው ቁስሏ እየታየ፣ ያለ ምንም ግላስ ይዟት መጣ። «ኮርቻ በልቷታል፣ ይኸው» አለኝ። እሷን ገዛሁ። አሥራ አራት ዓመት አገለገለችኝ።

እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ግላስ ለብሼ ተኝቻለሁ።

«ሸጋው» አልሁት።

«አቤት።»

«ጠጠር አልነበረም።»

መሪውን ማጽዳቱን አልተወም። «አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመታጠፊያው ጀምሮ።»

ምርኩዜን ተደገፍሁ። «ታዲያ ለምን ጠጠር አልህ?»

«አገሩ ሁሉ አንቱን በኮርቻ ላይ ነው የሚያውቅዎት። እኔን ወደቀ ቢሉኝ ምን እሆናለሁ? ገና ብዙ ጊዜ እወድቃለሁ።»

ተቆጣሁ፤ አመሌ ነው። «መቀመጫውን መልሰው!» አልሁት። «ለአምሳል ምያለሁ።»

«አይሆንም።»

«አይሆንም ነው ያልኸኝ?»

«አንድ ጊዜ ጥዬዎታለሁ።»

«የጣልሁ እኔ ነኝ አልሁህ እኮ!» ጮህሁ። «እኔ ክንዴ ነኝ የጣልሁ! አገር ይስማው!»

አገሩ ሰማው። ሰብሌ ሊጥ በእጇ ይዛ ወጣች። ከአጥሩ ማዶ ቻላቸው ባጃጁን አቁሞ ኖሯል። «ምኑን ነው የጣሉት፣ ጋሽ ክንዴ?» አለ።

መስከረም 9

መቀመጫውን አልመለሰውም። አያናግረኝምም። እኔም አላናግረውም። ሰብሌ «ሁለት በቅሎ» አለች፣ ለሁለታችንም በሚሰማ።

መስከረም 11

ዛሬ ጠዋት ሸጋው አግዳሚ ወንበሩን ወደ ግቢ አወጣ። እሱ ከፊት ተቀመጠ። ጀርባውን ሰጥቶኝ «ይቀመጡ» አለ።

«የት?»

«ከኋላዬ። መጀመሪያ እዚህ ይማሩ። ካልተማሩ መቀመጫ የለም።»

በሰባ ስድስት ዓመቴ መቀመጥ ልማር። ተቀመጥሁ።

«ቀኝ» ብሎ ተጋደመ። እኔ ግራ ሄድሁ። ማለቴ ሰውነቴ ሄደ። እኔ አላዘዝሁትም።

«ቀኝ አልሁ እኮ።»

«ሰማሁ! ጎኔ ነው ያልሰማ።»

ሰብሌ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አባዬ፣ ምንም አይሥሩ። እንደ ጆንያ ይሁኑ።»

ጆንያ ሁን አለኝ። እኔን። ጆንያ ስጭን የኖርሁትን ሰው።

መስከረም 14

ጧት ማታ አግዳሚው ላይ ነን። ወደ ተራራው የሚጋደመውን ችያለሁ። ወደ ገደሉ የሚጋደመውን አልቻልሁም። ግቢው ውስጥ ገደል የለም፤ ግን ሸጋው «ይኸው ገደሉ በዚህ ነው» ሲል ጎኔ ያምናል፣ ይሸሻል። ሰባ ዓመት የተማረውን ነው የሚያደርገው።

አንድ ነገር አሰብሁ። አርባ ዓመት በቅሎ ስቀመጥ፣ ለገበያም ለክርስትናም ስንሄድ፣ አምሳልን ከኋላዬ አፈናጥጣት ነበር። በምን ላይ እንዳለች አስቤ አላውቅም። ክብደቷ ተሰምቶኝ አያውቅም። ቁልቁል ስል ቁልቁል፣ ዘንበል ስል ዘንበል። ቀላል ሴት ናት እል ነበር። ቀላል አልነበረችም።

እኔ ከማንም ኋላ ተፈናጥጬ አላውቅም።

መስከረም 17

መስቀል። ደመራው የወደቀበትን አቅጣጫ አየሁት ብለው ሰዎች ይከራከራሉ። እኔ አልሄድሁም። ማታ አግዳሚው ላይ «ገደል» አለ ሸጋው። ተጋደምሁ። ጉንጬ ጀርባውን ነካ።

ተነስቶ ከአጥሩ ምስማር እግር ማሳረፊያዎቹን አወረደ።

መስከረም 18

ብየዳውን አቀጣጠለ። ከበር ከተረፈ ብረት ትንሽ መቀመጫ ሠራ። በእውነት አስቀያሚ ነው። በዚያ በተቆጣ፣ አጭር፣ ጥቁር ነገር ላይ የእንጀራ ሰፌድ የተለጠፈ ይመስላል። እኔ ራሴ ከፋኝ።

«ውበቷን አበላሸህ» አልሁት።

ቻላቸው መጥቶ አየና ራሱን ያዘ። «ኧረ ተው! ስትሪት ፋይተሩን አያት መጫኛ አደረግኸው?»

«ተዋጊ ስንቁን ይዞ ይሄዳል» አለ ሸጋው።

«እኔ ስንቅ ነኝ?» አልሁ።

«ጆንያ ነበሩ፤ ከፍ አደረግሁዎት።»

ሦስታችንም ሳቅን። ቻላቸው አልገባውም፤ ግን ሳቀ። ከዚያ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ፤ አልሁት። «ቻላቸው፣ ሰኔ የወደቅነው በኔ ነው። ልጁ መንዳት ያውቃል።» ቻላቸው ወዲያና ወዲህ አየ። «እኔማ ጠጠር ነው ብዬ ስንት ቦታ አወራሁ» አለ።

«ሂድና አስተካክለው» አልሁት።

መስከረም 20

ነገ ንጋት ላይ። ዝናብ የለም። ናዳው ላይ ሸጋው ሞተሯን እየገፋ ያሳልፋታል፤ እኔን ሰው ይደግፈኛል።

ሰብሌ ጋቢዬን አጥባለች። ደብተሩን ልተወው አልሁ፤ «ይውሰዱት፣ እዚያ ይጨርሱት» አለች።

ፈርቻለሁ። ጻፍሁት።

መስከረም 22፣ ኮከብ ቤት

ደርሰናል። ትናንት ነው የደረስነው፤ ዛሬ ነው ለመጻፍ ጊዜ ያገኘሁት።

መጀመሪያው መታጠፊያ ወደ ተራራው ነበር። ሁለተኛውም። ከሦስተኛው በፊት ሸጋው አቀዘቀዘና ሳይዞር «አባዬ፣ ያ ነው» አለኝ። ቦዩን አየሁት። ቀይ የፕላስቲክ ቁራጭ አሁንም ሣሩ ውስጥ አለ።

«ሂድ» አልሁት።

ወደ ገደሉ ተጋደመ። ከታች ደመና ነበር፤ ከደመናው ሥር ምን እንዳለ አውቃለሁ። ጎኔ ወደ ተራራው ሊሸሽ ሲል ጥርሴን ነክሼ ያዝሁት። አልጨፈንሁም። አያ ልደቱ ይጨፍናል፤ እኔ አልጨፈንሁም። ከልጄ ጋር ወደ ገደሉ ተጋደምሁ። ሞተሯም ዞረች። እንዲያው ዞረች። ምንም አልነበረም።

ቀጥ ስንል ሸጋው «አሁን ምንም አልከበዱኝም» አለ።

ተዝካሩ ደህና ሆነ። ካህናቱ ጠገቡ፣ ጠላው ወጣለት። ወጣቶቹ ከድግሱ ይልቅ ሞተሯን ከበው ዋሉ፤ ያን ሰፌድ መቀመጫ እያዩ «ይኸስ ምንድን ነው?» ይላሉ። ሸጋው «የአባቴ ቦታ ነው» ይላቸዋል።

ሰው ሲያልቅ ምርኩዜን ይዤ ብቻዬን ወደ አምሳል ሄድሁ። ድንጋዩን ተደግፌ ተቀመጥሁ። የሰባት ዓመት ተዝካርሽን አወጣሁ አልኋት። በምን መጣህ እንዳትለኝ ተፈናጥጬ ነው የመጣሁት አልኋት። ሰኔ ላይ ሳልደርስ ለምን እንደ ቀረሁም ነገርኋት።

ጠጠር አልነበረም አልኋት።